ፊቱ የጠፋበት ሕዋስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃችን ዶክተር ፋራህ ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀምጠው የጤነኛ ጡት የወተት ቱቦ አሳዩኝ።

«ማዳም ጽጌ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ፊትና ጀርባ አለው» አሉኝ በፈረንሳይኛ። «ፊቱ ወደ ቱቦው ክፍተት፣ ጀርባው ወደ ውጭ። ፊቱ የት እንደሆነ የሚነግሩት ፕሮቲኖች ናቸው። እነሱ ቦታቸውን ሲለቁ ሕዋሱ አቅጣጫው ይጠፋዋል፣ የመራባት ልጓሙም ይላላል። ከዚያ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል።»

ቡላኦስ ሰፈር ባለው ላቦራቶሪያችን ሥራዬ ሰም ውስጥ የተቀበረ ናሙና ከጸጉር አቅጥኖ መቁረጥ ነበር። ዶክተሩ ሲያመሰግኑኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ኋላ የድሬዳዋ ልጅ ሰናይት ተቀጠረች። ፈረንሳይ ተልካ እነዚያን ፕሮቲኖች ቡናማ አድርጎ የሚያሳይ ማቅለሚያ ተምራ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ የዶክተሩ ነገር ሁሉ «ሰናይት፣ ነይ እስቲ እዪ» ሆነ። አይ ቅናት! አንጀቴ እርር ድብን አለ። ሳቋ ራሱ ያበግነኝ ጀመር።

አንድ ሐምሌ አለሚቱ መጣች፤ ዶራሌ ወደብ አጠገብ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ ሴት ናት። ጡቷ ላይ እብጠት ነበር። የተለመደው ቀለም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ዶክተሩ «የሰናይት ቀለም ይጨመርበት፤ ብቻውን ባይፈርድም ይረዳናል» አሉ። ሰሙ ውስጥ የቀረው ናሙና ግን ለአንድ ቁራጭ ብቻ የሚበቃ ነበር።

አለሚቱ በር ላይ ይዛኝ «እህቴ፣ በእናትሽ ቁርጤን ንገሩኝ» አለችኝ።

ልቆርጥ ስል መብራት ሄደ፤ ማቀዝቀዣውም ቆመ። ሙቀቱ ሰሙን አለሰለሰው፤ የላላ ሰም ደግሞ ቢላ ሥር ይጨማደዳል። ሰናይት ሮጣ ከዓሣ ሻጮች በረዶ አመጣች።

«አቦ እትዬ ጽጌ፣ አንቺ ካልቆረጥሽው እኔ ምንም ነኝ።»

«ምንም መሆንሽንማ አውቃለሁ!»

ሳቀች። ይባስ ተናደድኩ።

ሰሙን በረዶው ላይ አቀዝቅዤ የመቁረጫውን መዘውር ያዝኩ። እጄን ትንሽ ባጣድፈው ቁራጩ ይበላሻል፣ ቀለሙ ከሸፈ ተብሎም ሰናይት ትዋረዳለች። ሐሳቡ መጣብኝ፣ ምን እዋሻለሁ። አለሚቱ ግን ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ትንፋሼን ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ቁራጯ ሳትጨማደድ ወጣች።

በማግስቱ አየነው። ጤነኛው ጠርዝ ላይ ቡናማው በየሕዋሱ ፊት በኩል ተሰልፏል፤ እብጠቱ ውስጥ ግን ተበታትኗል። ዶክተሩ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አስተያይተው ካንሰር ነው አሉ፤ ደግነቱ በጊዜ ተደርሶበታል። አለሚቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዳነች።

«ብራቮ ሰናይት!» አሉ ዶክተሩ። የእኔን ስም ያነሣ የለም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቅናቴ ግን ጡረታ አልወጣም። በባልደረባችሁ ብትቀኑ ቅኑ። ቢላው ላይ ስትቀመጡ ግን እጃችሁ የበሽተኛዋ ነው።