የዳኛው ወንበር

ኦቦ ዱቤ ፊደል የቆጠሩት በአርባ ዓመታቸው፣ ቼዝ የተማሩት በስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አይጣል ነው፤ ተምረው ሳይጨርሱ ዳኛ ሆኑ። የሰበታ ቼዝ ወዳጆች በየወሩ እንቆቅልሽ ይፈጥራሉ፤ ነጭ በሁለት እርምጃ ጥቁሩን ንጉሥ መውጫ የሚያሳጣበት አሰላለፍ ማለት ነው። ኦቦ ዱቤ በየሱፍ የጨርቅ ሱቅ ተቀምጠው ይፈቱታል፤ ከዚያ ያጸድቁታል ወይም ይጥሉታል። በሦስት ዓመት አንድም ፍርድ አንሥተው አያውቁም፤ ይህንንም ላልጠየቃቸው ሰው ሳይቀር ይናገራሉ።

የሱፍ ቼዝ አይችልም። የእንቆቅልሹ ሥዕል ያለበትን ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ጠጠሮቹን በየቤታቸው መደርደር ግን አይሳነውም። ኦቦ ዱቤ ከማዶው፣ በሩን ፊት ለፊት በሚያየው የሽማግሌ ወንበር ይቀመጣሉ። የፈጣሪው መፍትሔ በታሸገ ፖስታ ይመጣል፤ የወደቀ እንቆቅልሽ ፖስታው አይከፈትም። ወደ ፊት ብቻ የሚራመደው ወታደር ያለባቸው እንቆቅልሾች አብዛኞቹ ስለሚወድቁ፣ «የእኛ አገር ሰው ወታደር አጠቃቀም አያውቅበትም» የሚል ትንታኔ ሳይቀር ነበራቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ኢክላስ ከተፍኪ መጣች። የሒሳብ መምህርት ናት። ወር ተኩል የለፋችበትን እንቆቅልሽ ኦቦ ዱቤ «መፍትሔ የለውም» ብለው ጥለውታል፤ ፍርዱም ከሰዓት በኋላ በጉባኤ ሊነበብ ነው። «አከም ጅርቱ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ከየሱፍ አጠገብ ተቀመጠችና እንዲያሳዩአት ለመነች። እሳቸውም ለተሸናፊ እንደሚራራ ሰው ነጩን ወታደር ከፊታቸው አንሥተው ወደ እሷ ገፉት።

«ኦቦ ዱቤ፣ በእንቆቅልሽ ነጭ ከየት ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ከታች ወደ ላይ። እኔው አይደለሁ ያስተማርኩሽ?»

«ታችኛው በማን በኩል ነው?»

ኦቦ ዱቤ ወረቀቱን አዩት። ግርጌው ወደ የሱፍ ዞሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ የሱፍ ዞሮ ነበር።

«ሥዕሉ አልጠራም» ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። ተነሥተው ዞሩና በየሱፍ በርጩማ ላይ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ከዚህ ሲታይ ወታደሩ ሌላ ወታደር ነው። አንድ ቤት ገፉት፤ ፈረሱ ተከተለ፤ ንጉሡ መግቢያ አጣ።

ወታደር የሌለባቸው እንቆቅልሾች ሰሌዳው ቢገለበጥም ያው ናቸው፤ በትክክል የፈረዱት እነዚያን ብቻ ነው።

«ሰው እንዴት አይነግረኝም?»

«የጠረጠሩ ነበሩ» አለ የሱፍ፣ ጨርቅ እያጠፈ። «ሽማግሌን ከወንበርዎ ይነሡ ማን ይላል?»

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ዱቤ ፍርዱን ቆመው አነበቡ። የኢክላስ እንቆቅልሽ አለፈ፤ ዳኛው ወደቀ፤ የወታደር ትንታኔውም ከነደራሲው ተሰረዘ። ከዚያም ያልተከፈቱትን ፖስታዎች አስመጡ። አሥራ አንድ ናቸው። በርጩማዋ ላይ ተመልሰው የመጀመሪያውን ቀደዱ፤ ወደ ሱቁ የገባም ሁሉ ያን ቀን ጀርባቸውን ሰላም ሲል ዋለ።