የሸህ እንድሪስ ድንጋይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ሌላ ሌላውን እያወራሁ ይቺን ዘልያት አልፋለሁ። አሁን ግን መሸከሙ ደከመኝ።

ወልድያ ጂኦሎጂ አስተምራለሁ፤ ያደግሁት ግን መርሳ አጠገብ ነው። ጎረቤታችን ሸህ እንድሪስ የእርሻ ወሰን ጠብ የሚዳኙ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ማለዳ ሰማዩ አጉረመረመ። ድምፁን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ድንጋዩ ማሽላቸው ውስጥ ሲወድቅ ያዩት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ለእረፍት መጥቼ ስለነበር፣ ከጁምዓ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። አገላብጬ አየሁት፤ ጥቁር ነው። አገሩ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ አይደል? «ባዛልት ነው፣ ከጋራው ተንከባሎ ይሆናል» አልኩ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን አስቸኮለኝ?

ድንጋዩን እኔው ዘንድ ትተውት ሄዱ፤ ወልድያ ወስጄ ቆረጥኩት። ጥቁሩ ለካ የተቃጠለ ስስ ቅርፊት ኖሯል። ውስጡ ግራጫ ነው፤ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ ድቡልቡል ቅንጣቶች፣ በመሃላቸውም ማግኔት የሚስበው ብረት አለ። ብረቱን ስመረምረው ኒኬል አለበት፤ ቅንጣቶቹን በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የሚባሉ ማዕድናት ናቸው። ኮንድራይት ነበር፣ ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ። ባዛልት እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች እንደሌሉት በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ተመልሼ «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አስተማሪው አያውቅም መባልን ፈራሁ።

ቆይተው ሸህ እንድሪስ ወልድያ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ የሰውን ሳቅ ተወው። አንተ የተማርክ ነህ። እውነት አይቻለሁ ወይስ ዓይኔ ነው?»

ድንጋዩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። «ዓይንዎ ነው» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ነገርከኝ። ዓይኑን የማያምን በሰው ወሰን አይፈርድም» ብለው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ለሽምግልና አልተቀመጡም። ሰው እየሄደ ቢለምናቸውም እምቢ አሉ። እኔ ይህን እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ዓምና ሲቀበሩ እዚያው ቆሜ ነበር። ያኔም አልተናገርኩም። ልጅ ነበርኩ ልበል? አልነበርኩም፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። አሁን ልጆቻቸው ዘንድ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ድንጋዩንም እሰጣቸዋለሁ። ይቅር ማለት አለማለት የእነሱ ነው። እሳቸው ግን ዓይኔ ዋሸኝ ብለው አምነው ሞተዋል። ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ።