«ህንድ ነዎት አይደል?»

አጎቴ ከተጠየቁ እውነቱን የማይሸራርፉ ሰው ነበሩ። ይህ ጠባያቸው አንድ ቀን በስደት አገር፣ አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር በምንኖርበት የመንግሥት አፓርታማ ደረጃ ላይ በላብ አጥምቆኛል።

አባታቸው ድሬዳዋ ይነግዱ የነበሩ ህንድ ስለሆኑ መልካቸው ወደዚያ ያደላል። እሳቸው ግን በሱማሌው ጦርነት የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪ ነበሩ። ከበላያችን የሚኖሩት የጅጅጋ ሱማሌ ሽማግሌ ይህን አያውቁም ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰንሻይን ገበያ ስንመለስ ደረጃው ላይ ተገናኘን።

«ህንድ ነዎት አይደል? አማርኛውን የት ለመዱት?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ ይበሏቸው ጋሼ» ብዬ በሹክሹክታ ለመንኳቸው።

«ኢትዮጵያዊ ነኝ» አሉ አጎቴ። «በጦርነቱ ጊዜ አብራሪ ነበርኩ።»

ሽማግሌው መደገፊያውን ብረት ጨበጡ። «ጅጅጋ ላይ በርረዋል?»

«በርሬያለሁ። ቦምብም ጥያለሁ።»

«እህቴን የገደላት የአውሮፕላን ቦምብ ነው።»

አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የእኔ ይሁን የሌላ አላውቅም። የእኔ አይደለም ልልዎት ግን አልችልም።»

ሽማግሌው ደረጃውን ወጡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልነበረም። አጎቴ ግን ባገኟቸው ቁጥር ግድግዳውን ተጠግተው መንገድ ይለቁላቸው ነበር።

ባለፈው ወር አጎቴ ዐረፉ። በሦስተኛው ቀን በራችን ተንኳኳ። ሽማግሌው ነበሩ። ማንም ያልደፈረውን የአጎቴን ወንበር ሳቀርብላቸው እምቢ ብለው ከጎኑ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ህንድ ነኝ ቢሉኝ እኮ አምናቸው ነበር» አሉኝ።