ብሎን፣ ዊንቹና ለስላሳዋ ፒን

ሰፈሩ ሁሉ ብሎን ይለዋል። አጭር፣ ደንዳና፣ አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው ይላሉ። እሱም አያስተባብልም። ስሙ የወጣበት እውነተኛ ምክንያት ከመልኩ የባሰ ስለሆነ ዝም ማለቱ ያዋጣዋል። ዝም አይነቅዝም።

ብሎን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበር። ጓደኞቹ ጡረታ ሲወጡ የእጅ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ይዘው ቤታቸው ገቡ፤ እሱ ግን በጨረታ ያገኘውን ባለ ስድስት እግር የጦር መኪና እያስጓራ ገባ። መኪናው ከሚስቱ በዕድሜ ይበልጣል። ግቢው መሀል ገትሮ አቆመውና "ለጊዜው ነው" አላት። ያ ጊዜ እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። መኪናው የቆመበት ቦታ የስፌት ክፍል ሊሠራላት የታሰበ ነበር፤ መሠረቱ እንኳ በኖራ ተሰምሮ ነበር። ኖራውን ዝናብ አጠበው፣ ሐሳቡን ደግሞ ብሎን። ስለዚህ በዚያ ቤት ሁለት መኪና አለ፤ አንደኛው ይሠራል። የሚሠራው የእሷ የስፌት መኪና ነው፤ እሱም መኝታ ቤቱንና ሽንት ቤቱን የሚያገናኘው ጠባብ ኮሪደር ላይ ነው ያለው። ሰው ባለፈ ቁጥር ሴትዮዋ እግሯን ከፔዳሉ አንስታ፣ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታሳልፋለች። ብሎን ደግሞ ፊኛው ደካማ ነው።

ጎማዎቹ እስከ ቸርኬያቸው መሬት ውስጥ ሰምጠዋል። ከኋላ ያለው ጭነት ደግሞ ለብቻው ታሪክ ነው፦ ቤት የሌለው በር፣ ታች የሌለው የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ የሦስት ሞተር ሬሳ፣ ሰንሰለት፣ የተሰበረ አልጋ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የመርከብ መልሕቅ። ሁሉንም ሲያመጣ የሚናገረው አንዲት ቃል ናት፤ "ይጠቅማል።" አንዱም ግን ጠቅሞ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

እሁድ እሁድ ጠዋት ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ያስነሳል። የትም አይሄድም፤ እየጨሰ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም መሪውን ይዞ አብሮት ይንቀጠቀጣል። አንድ እሁድ ያ ጭስ በመስኮት ገብቶ ተተኩሶ የተሰቀለውን የደንበኛ ነጭ ቀሚስ አጠቆረው። ሚስቱ መቀሱን አስቀምጣ ወጣች። አልጮኸችም። ብሎን የፈራው ያን ጊዜ ነው።

"የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ሚዛን ይመጣል" አለችው።

ሚዛን የተባለው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ነው፤ ሚዛኑን ትከሻው ላይ ሳያንጠለጥል ለቅሶ ቤት እንኳ አይሄድም።

"ወይ እስከዚያ ከዚህ ቦታ ታነሳዋለህ፣ ወይ እሱ ቆራርጦ ይወስደዋል።"

"በምን ላንሳው? ጎማው ሰምጧል እኮ።"

"ፊቱ ላይ ያለው ጥቅልልስ? ተራራ ይጎትታል ስትለኝ አልነበር እንዴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት?"

ዊንቹን ማለቷ ነው፤ ከመኪናው ፊት ለፊት ያለውን፣ የብረት ገመድ የሚጠቀለልበትን መጎተቻ። እውነትም ተራራ ይጎትታል ብሏት ነበር። የገዛ አፉ አሠረው።

በማግስቱ ቁልፉን፣ መዶሻውንና ኩራቱን ይዞ ዊንቹ ፊት ተቀመጠ። የዊንቹ ጥርሶች የሚዞሩበትን ቤት ከሥር ሲከፍተው መጀመሪያ ውሃ ወጣ። ቀጥሎ የበሰበሰ ቅጠል፣ ቀጥሎ አንዲት የደረቀች እንሽላሊት፣ በመጨረሻ ወተት የመሰለ ዘይት። የላይኛው ክዳን ጠፍቶ በጨርቅ መወተፉን ረስቶት ኖሯል። እንሽላሊቷን በእንጨት አንስቶ ሚስቱ እንዳታይ ሣር ውስጥ ወረወራት። ሚስቱ አየች።

አራት ቀን ሲፈታ፣ ሲፍቅ፣ በጋዝ ሲያጥብ ሰነበተ። ውስጡ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ አለ፤ እሱ ነው ትልቁን ባለ ጥርስ የነሐስ ማርሽ የሚያሽከረክረው። ነሐሱን በጨርቅ ሲወለውለው አንድም ጥርስ ሳይጎድል እንደ ወርቅ አበራ። ብሎን እንባ ተናነቀው። ለሠርጉ እንኳ እንዲህ አልሆነም፤ ይህንንም ሚስቱ አየች።

ዘንጉ የሚዞርባቸውን ያለቁ ኩሽኔታዎች ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ አሠራ። የዘይት ማገጃውን ከወታደር ቀበቶው ቆርጦ ሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ሱሪውን የሚያስረው በሲባጎ ነው። የጥርሱን ቤት በወፍራም የካምቢዮ ዘይት ሞላው፣ ግራሶውንም በፓምፕ እየገፋ በየቀዳዳው አጠጣ፤ አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ ንጹሕ ሆኖ ብቅ እስኪል ድረስ። የብረት ገመዱን ዘርግቶ በዘይት በራሰ ጨርቅ ክንድ በክንድ አሸው። በዚያ ሳምንት ሚስቱ የበር እጀታ በነካች ቁጥር እጇን ትታጠብ ነበር።

በመጨረሻ ፒኖቹን ሠራ። ከሞተሩ የሚመጣውን ዘንግና ዊንቹን የምታያይዝ ጣት የምታህል ፒን አለች። ሦስት አዘጋጀ፤ ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ከለስላሳ ብረት በሴጌቶ መጋዝ ቆርጦ። ዓርብ ማታ ግን ማንም ሳያየው አንድ ጠንካራ ብሎን ከሣጥኑ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ለምን እንደከተተው ለራሱም አልተናገረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን ጋሪውንና የኦክስጅን መቁረጫውን ይዞ መጣና ጥላ ሥር ቁጭ አለ። ሚስትየውም መስፊያዋን ትታ በሩ ላይ ቆመች። ብሎን ገመዱን እየጎተተ ወስዶ ግቢው ጫፍ ላይ ካለው አሮጌ ዛፍ ግንድ ጋር አሰረ። ሞተሩን አስነሳ፣ ዊንቹን በማርሽ ከሞተሩ ጋር አያያዘ። ገመዱ ከመሬት ተነሣ፣ ተወጠረ፣ መኪናው ተንጠራራ።

ቀጭ።

"ምንድነው?" አለች ሚስቱ።

"ምንም አይደል፣ ፒኗ ናት።"

ሁለተኛዋን ከተተ። መኪናው ትንሽ ቀና አለና፣ ቀጭ። ሚዛን ከጥላው ሥር ሆኖ ሳቁን ዋጠ።

"ጋሼ፣ ጠንካራ ብሎን ክተትበትና ተገላገል እንጂ፤ በዚህ ለስላሳ ነገር ምን ያለፋሃል?"

"እውነቱን ነው" አለች ሚስቱ። "ጠንካራ የለህም?"

ብሎን እጁን ኪሱ ከተተ። ጠንካራው ብሎን እዚያው ነው፤ ሞቋል። አወጣው። ቀዳዳው ላይ ደገነው። ግማሹ ገባ፣ ልክክ አለ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

"አይሆንም" አለ።

"ለምን?"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከአርባ ዓመት በላይ የዋጠውን ነገር ለሚስቱና፣ ከሁሉ ሰው መርጦ፣ ለሚዛን ተናገረ። ወጣት ሳለ ጭቃ የዋጠው የነዳጅ መኪና ሲያወጣ ፒን ሁለቴ ተሰበረበት። ሻለቃው ከኋላው ቆሞ ይጮኻል። ብሎንም ጎበዝ ነኝ ብሎ ጠንካራ ብሎን አስገባ። ብሎኑ አልተሰበረም። በእሱ ፈንታ የዊንቹ ጥርስ በሙሉ ረገፈ፣ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ የፈላው ዘይት በሻለቃው አዲስ መለዮ ላይ ተደፋ። ሁለት ወር ሽንት ቤት ጠረገ። ስሙም ከዚያ መጣ።

"እኔ ደግሞ በአናትህ ነበር የሚመስለኝ" አለ ሚዛን።

"ፒኗ የተሠራችው ልትሰበር ነው" አለ ብሎን፣ ሚዛንን እንዳልሰማ ሆኖ። "ጭነቱ ሲበዛ እሷ ትሰበርና ሌላው ይተርፋል። ትልልቁ ሁሉ ደህና የሚሆነው በእሷ ነው። እሷን ጠንካራ አድርገህ ጭነቱን ካልቀነስክ ቤቱን ታፈርሰዋለህ።"

ሚስቱ ወደ እሱ መጣች። ተሰብራ የወደቀችውን ፒን ከመሬት አንስታ በመዳፏ አገላበጠቻት።

"እዚህ ቤትስ" አለችው፣ "ይቺ ማን ናት?"

ብሎን አፉን ከፈተ። ግን በበሩ በኩል ኮሪደሩ ታየው። መስፊያዋ ታየው፣ ከግድግዳው ላይ ቀለሙ የለቀቀው ቦታም ታየው፤ ጉልበቷን ሰብስባ የምትለጠፍበት ቦታ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ አልፎበት ዛሬ ገና አየው። አፈረ። ጆሮው ድረስ አፈረ።

አፉን ዘጋና ተነሥቶ መኪናው ላይ ወጣ። መልሕቁን ገፍቶ ጣለው። በሩን ጣለ። አልጋውን፣ ሰንሰለቱን፣ የሦስቱንም ሞተር ሬሳ ጣለ። ገንዳው ላይ ሲደርስ አቅፎት ቆመ።

"ይሄ እንኳ ይ..." አለና ሚስቱን አያት። ገንዳውም ወረደ።

ሚዛን በጋሪው አምስት ጊዜ ተመላለሰ፤ እንዲህ ያለ ቅዳሜ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። በአምስተኛው ዙር ላይ፣ ብሎን ጠንካራውን ብሎን ከቀዳዳው ነቅሎ ክምሩ ላይ ወረወረለት።

"ይሄንንም መዝንልኝ" አለው።

ከዚያ ሦስተኛዋንና የመጨረሻዋን ፒን ከተተ። ገመዱ ተወጠረ። ዛፉ ቅጠሉን አራገፈ። መኪናው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ከመሬት እየነቀለ፣ ተነሣ። ዊንቹ በአዲሱ ዘይት ውስጥ ለስለስ ያለ ድምፅ እያሰማ አሥራ ሁለት እርምጃ ጎትቶ ዛፉ ሥር አደረሰው። ፒኗ አልተሰበረችም። ብሎን ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ የሚያጨበጭብለት ፈልጎ ዞር አለ።

ሚስቱ የለችም። መስፊያዋን በሁለት እጇ አቅፋ ከቤት ስትወጣ አየና ሮጦ አገዛት። መኪናው የለቀቀው ባዶ መሬት ላይ፣ የጠቆረው አፈር መሀል አስቀመጡት። ጣሪያ የለ፣ ግድግዳ የለ። ወንበሯን አምጥታ ተቀመጠችና ሁለት እግሯን እስከ መጨረሻው ዘረጋቻቸው።

"ያን ሱሪ አምጣው" አለችው፣ "ወገቡ ላይ ላስቲክ ላድርግበት። ሲባጎ አስረህ ስትዞር ሰው ምን ይለኛል?"

ብሎን ሱሪውን ሊቀይር ወደ ቤት አመራ። እግሯ መንገዱን ዘግቶታል። እንደ ልማዱ እስክትሰበስብለት ቆሞ ጠበቀ። አልሰበሰበችም፤ ቀና ብላም አላየችውም።

ዞሮ አለፈ።