ይመር በበረዶ አገር የሞተ ዕለት

ልጅ እያለሁ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አይሆንልኝም ነበር። አሁንም ብዙ አይሆንልኝም፤ ያኔ ግን የባሰ ነበር። እናቴ «እቺን ልጅ አንድ ሰዓት ቁጭ ያደረጋት ሰው ቀጥታ ገነት ነው» ትል ነበር። እንግዲያው እትዬ ዘይነባ ገነት ገብታለች፤ እኔን አንድ ሙሉ ክረምት ቁጭ አድርጋኛለችና።

እትዬ ዘይነባ የጓደኛዬ የሐያት አክስት ናት። ወሎ፣ መካነ ሰላም ውስጥ የኛንና የነሐያትን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነበር፣ እሱም ግማሹ የወደቀ። እትዬ ዘይነባ አረብ አገር ሰው ቤት ስምንት ዓመት ሠርታ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ተመለሰች። ከአረብ አገር የሚመጣ ሰው ብርድ ልብስና ሽቶ ያመጣል፤ እሷም አምጥታለች። ከሻንጣዋ ሥር ግን ጠርዙ የተላጠ አንድ ካርቶን ወጣ። ውስጡ ባለ ብዙ ጎን የፕላስቲክ ጠጠሮች፣ የተጣጠፈ ካርታ፣ ደግሞም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ነበረበት። የአሠሪዎቿ ልጆች አድገው ሊጥሉት ሲሉ ነው ለምና የወሰደችው። ልጆቹ ሲጫወቱ እሷ ጥግ ላይ ቆማ ልብስ እየተኮሰች ታዳምጥ ነበርና ሥርዓቱን በጆሮዋ ተምራዋለች። ስምንት ዓመት ስትሰማ አንድም ቀን «እስቲ አንቺም ወርውሪ» ያላት አልነበረም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ አጫዋች ይሆንና መጽሐፉን ይዞ የሚሆነውን ያወራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በሐሳባቸው ይፈጥራሉ፤ ስም ያወጡለታል፣ ሥራ ይሰጡታል፣ ከዚያ «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን የሚቆርጠው ባለ ሃያ ጎኑ ጠጠር ነው። ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል፤ ትንሽ ከወጣ ጉድ ይፈላል።

መጽሐፋችን ውስጥ ያለው ታሪክ ለጀማሪዎች የተጻፈ ነበር። ከምድር እጅግ የራቀ፣ በጋ የሚባል የማያውቅ፣ ከዳር እስከ ዳር በረዶ የሆነ ዓለም አለ። እዚያ ባለ አንድ ጣቢያ ማሞቂያው ተበላሽቶ ሠላሳ ሰው በብርድ ሊያልቅ ነው። ጀማሪዎቹ ከወደቀ መንኮራኩር ላይ ባትሪ ፈትተው፣ በረዶውን በመኪናም በእግርም አቋርጠው ማድረስ አለባቸው። ጀማሪ ናቸውና ነፍሳቸው ስስ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው የተሰጣቸው ስድስት ነጥብ ብቻ ነው።

አጫዋቿ እኔ ሆንኩ። በእንግሊዝኛ ከክፍል ሁለተኛ ነበርኩ። አንደኛዋ ሐያት ነበረች፣ ግን የሐያት ድምፅ ዝናብ ሲዘንብ አይሰማም፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ዝናቡ መቼ አባርቶ። የምንጫወተው ከነሐያት ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ነበር። የረጠበ ጋቢ ሽታ፣ ከውጭ የሚገባው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ፣ መሐል ላይ በትሪ የተቀመጠ በአዋዜ የሚበላ ቅቅል ድንች፤ እስካሁን ድንች ስልጥ የዚያ የበረዶ አገር ካርታ ዓይኔ ላይ ይመጣል። የካርታው አንድ ጥግ ዛሬም አዋዜ እንደነካው ነው።

የመጀመሪያው ችግር በረዶው ነበር። መጽሐፉ በረዶው እንደ ላባ ይወርዳል ይላል። እኛ የምናውቀው በረዶ ደግሞ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥና ገብስ የሚያስተኛ ነው። ጎረቤታችን ጌታሁን «እንደ ላባ ከወረደማ ምኑ ያስፈራል? ትራስ እንስፋበት» አለና አሳቀብኝ። ተናደድኩ። መጽሐፉን ገልብጬ አስቀመጥኩና፣ የአጅባርን ሜዳ በኅዳር አስቡት አልኳቸው። ውርጭ ያደረበትን ባቄላ፣ ጠዋት እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ የሚገኘውን። እሱን በአሥር አብዙት፣ ፀሐዩንም አውጡት። ጌታሁን የእናቱ አገር አጅባር ነው፤ ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበ። ያኔ ነው አጫዋች የሆንኩት።

እትዬ ዘይነባ ሹፌር ሆነች። ስምንት ዓመት ከግቢ ሳልወጣ ኖሬ እዚህማ መሪውን ለማንም አልሰጥም አለች። ጌታሁን ሮቦት ሆነ፤ ጊዜው ፍልሰታ ነበርና ሮቦት አይጾምም ብሎ ነው። በየሜዳው ቆም እያለ ሮቦቱን ቅቤ ያበላው ነበር። ሐያት መንገድ መሪ ሆነች፤ ስሙን ይመር አለችው።

ይመር ታላቅ ወንድሟ ነው። ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። በየጁምዓው ይደውል የነበረ ልጅ በድንገት ድምፁ ጠፋ፤ ያን ጊዜ ሁለት ወር ሞልቶታል። እናታቸው እትዬ ሰዓዳ ስልኳን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር የምትውለው፤ ሊጥ ስታቦካ እንኳ አታወልቀውም። ስለ ጉዳዩ ማንም አያወራም። ስናወራ ክፉው የሚመጣ ይመስል ሁሉም ዝም ነው።

አንድ ጠዋት ልብስ ስናጥብ ሐያት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ የሷ ይመር ባትሪውን ጣቢያው ካደረሰ ወንድሟም እንደሚደውል ነገረችኝ። ለማንም እንዳትነግሪ አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጠጠር ምን ያውቃል አልኳት። ክፉ አፍ ነበረኝ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ጠጠሩን ባነሣች ቁጥር እኔም በልቤ ትልቅ ቁጥር እለምን ጀመር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ባትሪው ተፈትቶ፣ ጣቢያው ተራራ ማዶ ታይቶ ነበር። መሐል ላይ የተሰነጠቀ በረዶ አለ። ይመር ፊት ሆኖ በገመድ መሻገር አለበት፤ አንድ ነጥብ ነፍስ ቀርታዋለች። ሐያት ጠጠሩን በሁለት እጇ ይዛ ቢስሚላህ ብላ ወረወረችው። ተንከባሎ ከኔ ጉልበት ሥር ገባ። ሁለት።

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ ስምንት ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ከዚያ በፊት ጌታሁንን ጠጠር ሲገለብጥ ይዤው ሦስት ቀን ከጨዋታው ያባረርኩት እኔው ነኝ። መዋሸት አልመጣልኝም። ድምፄ ደግሞ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

«ይመር ሞቷል» አልኩ። «ገመዱ አልያዘውም።»

ሐያት ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። እትዬ ዘይነባ አቀፈቻት። ቀና ስል ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። እኔን አየች፣ ሐያትን አየች፣ ወንፊቱን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሄደች። ጨዋታችንን የሰይጣን ሥራ ነው ብላ የሄደች መስሎኝ ነበር።

ወሎ ያደገ ሰው ደንቡን ያውቀዋል። በሰው አገር የሞተ ሰው ወሬ እንደተሰማ አይነገርም። መጀመሪያ፣ ሌላ አገር እድር ለሚባለው፣ ለቅሬው ዳኛ ይነገራል። ቅሬው ድንኳኑንም፣ እንጨቱንም፣ እህሉንም በዝምታ ያሰናዳል፤ እናት ግን አድራ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው መርዶዋን የምትሰማው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል። እትዬ ብርቄ ከደንቡ አንዲት ነገር አላጓደለችም።

እኛ ምን እናውቃለን! ሐያትን አባብለን ስንወጣ መንደሩ ሌላ ሆኗል። ወንዶች የድንኳን እንጨት ተሸክመው ከነጌታሁን ቤት ጀርባ ይደረድራሉ። ሴቶች በቁና ዱቄት ይዘው በዚያው ቤት ጓሮ በር ይገባሉ። ባለሱቁ ሐያትን ጠርቶ ብስኩት ሰጣት። የጌታሁን እናት፣ ጫጫታችንን ስትሰማ እንጨት ይዛ የምትወጣዋ ሴትዮ፣ የኔን ራስ ዳበሰች። ጌታሁን ሰው ሞቷል መሰለኝ አለ። ማን ይሆን ብለን ተከራከርንና ከታች ሰፈር አንድ የታመሙ ሽማግሌ ነበሩ፣ እሳቸው ናቸው ብለን ፈረድን። ጌታሁን ነፍስ ይማር ብሎ እንጨት ሊያግዝ ሄደ። በኋላ ሲነግረኝ ሰባት ቋሚ ተሸክሟል።

ጀንበር ሳትገባ የቅሬው ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ከአጥሩ ጀርባ አስጠሩኝ። ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ነበሩ።

«ውዴ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉኝ። «መርዶውን ለሐያት ማን ነገራት?»

«የምን መርዶ?»

«የይመርን ነዋ።»

«እኔ ነኝ የነገርኳት።»

«አንቺስ ከማን ሰማሽው?»

«ጠጠሩ ሁለት ወጣ» አልኩና፣ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ሁሉም ነገር ገባኝ። እንጨቱ፣ ዱቄቱ፣ ብስኩቱ። ከዚያ አፌ ተከፈተ፤ ስለ በረዶው ዓለም፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሮቦቱ ቅቤ ሳይቀር ዘረገፍኩት። አንደኛው ሽማግሌ ዱላቸውን አነሡ። የሚገባኝ ነበርና አልሸሸሁም። ጋሽ እንድሪስ ግን እጃቸውን ዘርግተው ያዟቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ልጁ መሞቱን ያየ የለም» አሉ። «መኖሩንም የጠየቀ የለም። ለሞቱ በግማሽ ቀን ድንኳን አሰናዳን፤ ለደህንነቱ ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልተነሣም። እቺን ልጅ ትመቱ እንደሆነ ከኔ ጀምሩ።»

የተነሣው ዱላ ወረደ። ለማለዳው መርዶ የተመረጡት ሰዎች በሙሉ ስልክ እንዲያነሡ ታዘዘ። ሳዑዲ ሰው ያለው ቤት ሁሉ እንዲደውል፤ እዚያው ወሎ ማሻም ኩታበርም ዘመድ ያለው ዘመዱን እንዲያስጠይቅ። ቁጥሩን ከየቤቱ እየለቀመች የምትጽፈው እኔ እንድሆን ተፈረደብኝ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ቤት ለቤት ሮጥኩ። እግሬ አላርፍ ሲል ሁልጊዜ የምትቆጣኝ እናቴ ናት፤ ያን ቀን ግን ውጪ አላለችኝም፣ ግቢ አላለችኝም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሳዑዲ ያለ የአንድ የማሻ ሰውዬ ልጅ ይመርን አውቀዋለሁ አለ። በረሃ ላይ ግመል የሚጠብቅበት ቦታ አግኝቷል፤ ኔትወርክ የለም፣ ስልኩም የውሃ በርሜል ውስጥ ወድቆበታል። በሦስተኛው ቀን በሰው ስልክ ራሱ ደወለ። እትዬ ሰዓዳ የአንገቷን ክር ሳትፈታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ይዛ አወራችው። አልሐምዱሊላህ አልሐምዱሊላህ ስትል ቆየችና፣ ቀጥላ ምን በላህ አለችው። ሐያት ከበሩ ጀርባ ቆማ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

የለቅሶው ዱቄት ሰደቃ ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም ተጠርቶ በላ፤ ቀኑ ረቡዕ ነበርና ለጿሚው ሽሮ ተሠራ፤ የቆመው ድንኳን ዝናብ ከለከለልን። እትዬ ሰዓዳ ነገሩን የሰማችው ያኔ ነው። ጠራችኝና ጭኔን አንድ ጊዜ አጥብቃ ቆነጠጠችኝ፣ ስለገደልሽው ብላ። ቀጥላ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ስለፈለግሽው ብላ።

ጨዋታውን ስንቀጥል አፍሬ ነበርና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርዓት ልጥስ ተነሣሁ። ገመዱ ይዞት ነበር እንበልና ይመርን ላንሣው አልኳት ሐያትን። እሷ ግን እንቢ አለች። «ተይው፤ ያኛው ሞቶ ይሄኛው ከቆየልኝ ምን እፈልጋለሁ» አለችኝ። አንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ ፈጥራ ጨዋታው ውስጥ ገባች። በጳጉሜን ባትሪው ደረሰ፣ ሠላሳውም ሰው ሞቀው። የገረመኝ ነገር ሲያልቅ ማናችንም አልጮህንም፤ ድንቹን ጨርሰን ወደየቤታችን ሄድን።

ዛሬ ሐያት ደሴ ነርስነት ትማራለች። ጌታሁን አዲስ አበባ ነው። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ያኔ አንድ መንደር ተደዋውሎ የሚያገኘውን በሰው አገር ያለ ሰው አሁን በምስል እያየን እናወራዋለን፤ ምሳውን ሳይቀር ያሳየናል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን አንዱ ዝም ሲል ኔትወርክ ይሆናል ብለን እናልፈዋለን፤ ጭቃ ረግጦ ከበር ወደ በር የሚዞርለት የለም። ያን ክረምት የምወደው ለዚህ ይሆናል። ተሳስተን ነው የተነሣነው፤ ግን ተነሥተን ነበር።

ይመር አምና ተመልሶ እዚሁ እህል ይነግዳል። አንድ ቀን ወረቀት ሊያባዛ መጥቶ ማሽኑ እስኪሞቅ፣ እስቲ እንዴት ነበር የሞትኩት አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ማንን ላድን ስል ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ማንንም፣ ጠጠሩ ሁለት ወጣ፣ በቃ አልኩት። ሳቀ፣ ሳቀ። ከዚያ በረሃው ላይ ግመሎቹን እያየ የሚፈልገኝ ሰው የለም ብሎ ያስብ እንደነበር ነገረኝ።

«አልተሳሳትክም፤ የፈለግንህ ሞተሃል ብለን ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ ደጅ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ይደውላል። የእትዬ ሰዓዳ ቤት ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።