የአባቴ እስክስታ

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሮቤ ባለው ቤቴ ቴሌቪዥኑን ጠዋት የምከፍተው የሰው ድምፅ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ የሙዚቃ ክሊፕ ያሳያል። በማስተምርበት ዘመን ስለ ክሊፕ ብዙ ተናግሬያለሁ፦ ውዝዋዜን የዘፈን ማሻሻጫ አደረገው፣ የየአገሩንም ትከሻ አንድ ዓይነት አደረገው እያልኩ። ሐሳቤን አልለወጥኩም። ቴሌቪዥኑንም አልዘጋሁም።

ባለፈው ጥር የሟች ወንድሜ ልጅ ጎባ ተዳረች። ከሠርጉ በፊት መጥታ፣ «ጋሼ፣ አያቴ ከሸዋ ይዘውት የመጡትን እስክስታ ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል? ቪዲዮዬ ላይ ይግባልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። አባቴ እስክስታ ሲመታ ኩታውን አይጥልም ነበር። ከኩታው ሥር ትከሻው ብቻ ይሠራል፤ ፊቱ የሸንጎ ፊት እንደሆነ ይቆያል።

በሠርጉ ዕለት ክቡ ተከፈተልኝና ገባሁ። ትከሻዬ ሳይቸገር ሄደ፤ ደረቴ ተከተለው፤ አንገቴ ወደ ግራ ሰበር አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ። ይኼኔ ከሚዜዎቹ አንዷ፣

«ውይ ጋሼ! ይቺማ የክሊፗ ናት! እንችላታለን እኮ!» ብላ ከጎኔ ገባች። ጓደኞቿም ተከተሏት። አንገታቸው ከአንገቴ እኩል ሰበር ይላል፤ አንዳቸውም አልሳቱም።

«አባባ፣ እንዳያቋርጡ! ካሜራው ወዶዎታል!» አለ ቪዲዮ አንሺው።

አላቋረጥኩም። እሱም ያችን ቁራጭ «የአባቶቻችን እስክስታ» ብሎ ጽፎባት የስቱዲዮው ማስታወቂያ አደረጋት፤ ከስልክ ስልክ ዞረች። ዲንሾ ላይ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መሪውን እንደያዘ ትከሻውን ሰበቀልኝ።

ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑን ዘግቼ፣ ኩታ ለብሼ፣ የአባቴን እስክስታ ፈለግሁ። የመጀመሪያው ምት አለ። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የክሊፑ ነው። ጊኒር ለምትኖረው ታላቅ እኅቴ ደወልኩ።

«እታለም፣ አባባ ከመጀመሪያው ምት በኋላ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?»

ሳቀች። «አንተ ደግሞ! እኔ ምኑን አይቼ? እኛ ሴቶቹ ጓዳ አልነበርን እንዴ? ጭብጨባውን ነው የሰማሁት።» ቀጠለችና፦ «ቪዲዮህን ልጆቹ አሳዩኝ። አለቀስኩ፣ ወንድሜ። በዚህ ዕድሜዬ አየሁት። አባባ እንዲህ ኖሯል የሚመቱት?»

«አዎ» አልኳት።