ልጄ ቀላል ይሁን ያለው ተጎታች

እኔ ብረት በያጅ ነኝ። አሁን በሰው አገር እንጀራዬ ኤርፖርት ነው፤ መኪና የሚከራዩ መንገደኞችን በባስ አመላልሳለሁ። ግን ሰው ስራህ ምንድነው ሲለኝ አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ብረት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ የግቢ በር ሰርቻለሁ። እኔ የሰራሁት በር ግንቡ ቢፈርስ እንኳ ለብቻው ቆሞ ይቀራል። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ ልጄን ያጣሁት በዚሁ ስለሆነ ነው።

ልጄ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ እሱን ነው የወለድኩት። የነርስነት ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ጥሎ ስኖውሞቢል የሚጠገንበት ጋራዥ ገባ። ስኖውሞቢል በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ነው፤ ከፊት ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ እንደ ታንክ ሰንሰለት አለው። ይሄ ለእኔ የእብደት እብደት ነበር። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ በቆመበት፣ አንዲት የማውቃት ሴት «ልጅህስ እንዴት ነው?» ብትለኝ፣ «የምን ልጅ? ልጅ የለኝም» አልኳት። ለካ ከኋላዬ ቆሟል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ያንን ቃል ስንት ጊዜ ልመልሰው እንደተመኘሁ እግዜር ነው የሚያውቀው። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለገናና ለፋሲካ ይመጣል፣ ይበላል፣ እናቱን ይስማል፣ እኔን ጨብጦ ይሄዳል። ይጨብጠኛል! የገዛ ልጄ፣ እንደ ባንክ ሰራተኛ።

ባለፈው ዓመት መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ፣ በዓል ሳይሆን ምን ሳይሆን፣ ቡሪየን የምትባለው የምንኖርባት ከተማ፣ ቤታችን ድረስ መጣ። ከፒካፑ ኋላ አንድ ነጭ የተዘጋ ተጎታች ይዟል፤ ያገለገለ ነው፣ አሉሚኒየም። መኪናችን የሚቆምበት ቦታ ላይ ፓርክ አደረገውና፣ «አባ፣ አሁንም ብየዳ ትችላለህ?» አለኝ።

ትችላለህ ወይ አለኝ እኮ! እኔን!

ፕላኑን የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። በኮምፒውተር የተሳለ፣ እውነቴን ነው፣ ንጹህ ስራ። ማሽኖቹ በኋላ በር ይገባሉ፣ በፊት በር ይወጣሉ፤ ሁለቱም በሮች መሬት ድረስ ተዘርግተው መወጣጫ ይሆናሉ። ወለሉ ላይ ማሰሪያ፣ ግድግዳው ላይ እርጥብ ልብስና ሄልሜት መስቀያ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ማሞቂያ፣ ጣሪያው ላይ የእንፋሎት መውጫ። ከታች በእጁ አንድ ነገር ጽፎ ሁለቴ አስምሮበታል፤ ቀላል ይሁን ይላል። «ፒካፔ ትንሽ ነው አባ፤ ተራራውን ይዞት መውጣት አለበት። ሌላው ሁሉ አንተ እንደመሰለህ፣ ክብደቱን ብቻ አደራ።»

«እሺ» አልኩ።

«የምርህን እሺ ነው?» አለኝ እየሳቀ። ያውቀኛላ።

«እሺ አልኩህ እኮ!»

«ሶ፣ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል አብረን እንወጣለን። ሁለት ማሽን ነው የሚይዘው። አንዱ ያንተ ነው።»

ፕላኑን አጣጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት።  ልጄ ይቅር ብሎኛል፣ ወይም ሊለኝ አስቧል፤ ይህቺ ተጎታች ካማረች አብሮኝ ተራራ ይወጣል። ከዚህ ሌላ በዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አብረን ሰራን። እሱ ወለሉ ላይ የማሽኖቹን ቦታ በቴፕ ምልክት ሲያደርግ እኔ ሜትር ያዝኩለት። ሰው ይተኛበት እንደሆን ለማየት ወለሉ ላይ ተጋድሞ ራሱን አስለካኝ፤ እግሩ በር ላይ ደረሰ፣ ሳቅን። እናቱ ሽሮ አመጣችልን፤ እዚያው ውስጥ እግራችንን አጣጥፈን ስንበላ አጎረሰኝ። አራት ዓመት ሲጨብጠኝ የኖረ ልጅ አጎረሰኝ! ያቺን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ በኋላ ጋራዡ ስራ በዛበት፤ በረዶ ሊመጣ ሲል ሰው ሁሉ ማሽኑን ያሳድሳል። «አባ፣ ፕላኑ አለልህ፤ አንተ ጨርሰው» ብሎኝ ሄደ። አምስት ሳምንት ብቻዬን ቀረሁ። ምናለ ባልቀረሁ።

ግድግዳውን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጎደጎደ። እንዴ! ይሄ ጣሳ ነው እንጂ ግድግዳ ነው? በስልኬ የተራራውን መንገድ አየሁ፤ የተገለበጠ መኪና፣ የበረዶ ናዳ፣ ጉድ ነው። ልጄ እዚህ ጣሳ ውስጥ ሊተኛ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ፤ አፈር ይብላኝ። ሄጄ ቱቦላሬ ጭኜ መጣሁ፤ የግቢ በር አጥንት የሚሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት ነው። ብረት ከአሉሚኒየም ጋር አይበየድም፤ በብሎን አሰርኩት። መጀመሪያ ለአራቱ ጥግ ብቻ ነበር። ጥጉ ጠንክሮ መሀሉ ሲለሰልስ አላስቻለኝም፤ መሀሉንም አቆምኩበት። ጣሪያውስ? በረዶ ይጫነዋላ፤ ጣሪያውንም። ጓደኞቹ ቢመጡ የት ይቀመጣሉ ብዬ ግራና ቀኝ የሚታጠፍ የብረት አግዳሚ ሰራሁ። እንግዳ ቆሞ ይብላ? መወጣጫው ስረግጠው ረገብ አለብኝ፤ ከስሩ ላሜራ አለበስኩት።

ክብደቱን አላወቅኩም ብል ውሸቴን ነው። እያንዳንዷን ብረት ያነሳው የእኔ ትከሻ ነው። ግን አዲስ አበባ በር ሊገዛ የመጣ ሰው በሩን አይለካውም፣ ይገፋዋል፤ አልነቃነቅ ካለው ከፍሎ ይወስዳል። ከባድ ማለት ደህና ማለት ነው፤ እንዲህ ነው እጄ የተማረው። ለልጄ ደግሞ ቀላል ነገር ልስጠው?

ባለቤቴ አንድ ቀን ከስራ ስትመለስ በሩን ከፍታ አየች።

«እስር ቤት ነው የምትሰራው?»

«ዝም በይ።»

«ልጁ ቀላል ይሁን አላለም?»

«ብረት የማውቀው እኔ ነኝ እሱ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ የተባልከውን ብቻ ብትሰራ ምን ትሆናለህ? ልደውልለት ነው።»

ሰርፕራይዝ ነው፣ እንዳትነግሪው አልኳት። አላምን ብዬ እመቤቴን አስባልኳት። አንዴ ከማለች ወዲያ እሷ አትነቃነቅም፤ ሳይደወልለት ቀረ።

ተራራው ላይ በረዶ ጣለ ተባለ፤ እኛ ጋ እንደ ልማዱ ዝናብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ማሽኖቹ ጋራዡ ጋ ናቸው፤ ተጎታቹን ይዘን፣ እነሱን ጭነን ልንወጣ ነው። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ለብሼ ቁጭ ብያለሁ፤ ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ካልሲ፣ ከስር የባለቤቴ ሹራብ።

በሩን ከፈትኩለት። ገብቶ ዙሪያውን አየ። አግዳሚውን አጥፎ ዘረጋው፤ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰው። «ያምራል» አለ። ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ፒካፑን አስጠግቶ ተጎታቹን አሳረፈበት። የፒካፑ ኋላ ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ አለ፤ አፍንጫው ሽቅብ ተሰቀለ። ማሽኖቹ ገና አልተጫኑም እኮ! ሰፈሩን አንዴ ዞሮ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «አባ፣ ባዶውን እንኳ ብሬኩ አይዘውም» አለ።

ጉዴ ፈላ አልኩ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ በወደድኩ። እሱ ግን ጃኬቱን አወለቀ፣ የመፍቻ ሳጥኑን አወረደ።

«ኦኬ። ገና ጠዋት ነው። በብሎን ነው የታሰረው አይደል? አብረን እንፍታው። አግዳሚውን፣ የመሀሉንና የጣሪያውን እናውጣ፤ የጥጉ ይቅር፣ እሱ ጥሩ ነው። ከምሳ በኋላ እንወጣለን።»

አብረን እንፍታው አለ። የጥጉ ይቅር አለ፤ የእኔም ነገር እንዲቀርልኝ። ይህን ልጅ ማን አሳደገው? እኔ አይደለሁም፣ እናቱ ናት። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።

አዲስ አበባ ብሎን እንዲሁ አይታሰርም። በር ሰርተህ፣ ገጥመህ፣ ደስ ብሎህ ትሄዳለህ፤ በሳምንቱ ሌባ ብሎኑን ፈታትቶ በሩን ተሸክሞት ይሄዳል። ስለዚህ አጥብቀህ ስታበቃ ዳዶውን ከብሎኑ ጫፍ ጋር አንድ ነጥብ ትበይደዋለህ። ከዚያ ወዲያ መፍቻ አይበግረውም። አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህን ነው፤ እጄ ሳላዘው ይሰራዋል። ከሶስት መቶ የሚበልጥ ዳዶ ነው፤ አንድ አልቀረኝም። ከጀርባው ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ፎም ሞልቼ በሙጫ ዘግቼዋለሁ፤ በግራይንደር ልቁረጠው ያለ ሰው በፍንጣሪው ፎሙን ያነደዋል።

«በይጄዋለሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ዳዶውን። ሁሉንም። ለሌባ ብዬ።»

ተንበርክኮ በስልኩ መብራት አንዱን አየ፣ ቀጥሎ ያለውን አየ። መፍቻውን አስገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ታገለ፤ ንቅንቅ የለም። «በሩ ከውጭ ይቆለፋል አባ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ውስጥ ገብቶ ግድግዳ የሚፈታ ሌባ ማነው?»

መፍቻውን ተቀብዬ እኔም ሞከርኩት። 

«ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ» አለኝ። አባ አላለኝም። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ፣ በየቁጥራቸው መለሰ። ተጎታቹን ከፒካፑ ፈታ፣ እናቱን ሳመ፣ ሄደ። እኔ ሁለት ሱሪ ለብሼ ዝናቡ ውስጥ ቀረሁ። ባለቤቴ ግባ እንኳ አላለችኝም።

ለገና አልመጣም። ስራ ነው አለ ለእናቱ። ተጎታቹ እደጃችን እንደቆመ ነው። ዳዶዎቹን በእጅ መጋዝ ሞክሬያቸዋለሁ፤ አንዷ ግማሽ ቀን ትፈጃለች፣ ስትለቅ ደግሞ አሉሚኒየሙን ዘርጥጣው ትመጣለች። ሰባት ቆርጬ ተውኩት። ማንም እንዳይፈታው ብዬ ሰርቼው እኔም አልፈታው አልኩ። ሰው በገዛ እጁ ልጁን እንዲህ ያርቃል? ያርቃል፤ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ስልኳን አቀበለችኝ። ልጃችን ፎቶ ልኮላታል። በረዶው እስከ ጉልበት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። አንድ ሽበታም ፈረንጅ ማሽን ላይ ተቀምጧል፤ በእኔ ዕድሜ ይሆናል። ልጄ አጠገቡ ቆሞ፣ እጁን በሰውዬው እጅ ላይ አድርጎ፣ ነዳጁ እንዴት እንደሚሰጥ ያሳየዋል። ሁለቱም ይስቃሉ።

«ማነው ይሄ?» አልኳት።

«የጓደኛው አባት ነው አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይወጣሉ።»

ፎቶውን በጣቴ አጉልቼ የሰውዬውን ፊት አየሁት። ስልኩን መለስኩላት።

«ደህና ሰው ይመስላል» አልኩ።